ምርቃት ሌላ፣ ድምፅ ሌላ፦ ስለ ባህላዊ እምነትና ምርጫ ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ምርጫ በቀረበ ቁጥር «ሕዝቡ ሽማግሌው ያለውን ነው የሚመርጠው» የሚል ትንታኔ ይበዛል። ለመናገር ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም። ባህል ለመራጩ ጉዳዩን የሚያወራበት ቋንቋ ይሰጠዋል፤ ውሳኔውን ግን አይወስንለትም። የሚደጋገሙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሁሉን ነገር ለኮከብ ቆጠራ መስጠት

የሲዳማን ነገር እናስታውስ። በ2011 ክረምት «11/11/11» የሚለው ቁጥር ከአፍ አይጠፋም ነበር። ከሩቅ የሚያይ ሰው የኮከብ ቆጠራ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም። የሲዳማን ዘመን መለወጫ የፍቼ ጨምበላላን ቀን ሰማይ አይተው የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸውና። ይህን ቀን ያመጣው ግን ሕገ መንግሥቱ ነው። የዞኑ ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን ያጸደቀው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ነበር። አንቀጽ 47 ደግሞ ጥያቄው የቀረበለት ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ ያዛል። ቁጠሩት፣ 11ኛው ወር፣ 11ኛው ቀን፣ 2011 ላይ ያርፋል። የቁጥሩ መግጠም ለቅስቀሳ ተመቸ፣ በቃ። ቀነ ገደቡ ያለ ሕዝበ ውሳኔ ሲያልፍ ግን የሰው ሕይወት ጠፋ። ነገሩን «አጉል እምነት» ብሎ ያለፈ ተንታኝ ቁጣው ከየት እንደመጣ ሊገባው አይችልም።

ምልክትን እንደ ጌጥ ማየት

ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲካሄድ ሁለት ምልክቶች ቀረቡ። ለክልልነት ሻፌታ፣ በደቡብ ክልል ለመቆየት ጎጆ። ሻፌታ በፍቼ ዕለት ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራው ቡርሳሜ የሚቀርብበት ዕቃ ነው። ቤተሰብ፣ ጎረቤት ከቦት ይበላል። ማንበብ ለማይችሉ እናት ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ያም ሆኖ ለክልልነት የተሰጠውን 98.51 በመቶ ድምፅ ሻፌታው አመጣው ማለት ሌላ ስህተት ነው። የክልልነት ጥያቄው የአሥርት ዓመታት ዕድሜ አለው። በ1994 ግንቦት ሐዋሳ አጠገብ ሎቄ ላይ ለሰልፍ የወጡ ሰዎች ተገድለዋል። ሻፌታው የመጣው ልቡን ቀድሞ ለወሰነ ሕዝብ ነው።

ምርቃትን እንደ ድምፅ መቁጠር

ዕጩዎች በብዛት የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ያሰብከው ይሳካ፣ ክፉ አይንካህ ልጄ!» ቤቱ በሙሉ «አሜን» ይላል። ማታ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፦ «የአገር ሽማግሌዎች ድጋፋቸውን ገለጹ»። በማግስቱ ተፎካካሪው ይመጣል። ያው ቡና፣ ያው ምርቃት፣ ያው አሜን። ቤቱ የመጣን እንግዳ ሳይመርቁ መሸኘት ነውር ነው። ሽማግሌው ማንን እንደሚመርጡ መቼ ተናገሩ?

«የገጠር ሰው ነገር ነው» ማለት

ባለ ሱፉ ዕጩ የንስሐ አባቱን ወይም ፓስተሩን ሳያማክር ይመዘገባል? እስቲ ጠይቁት።

ገዳን ከልብሱ ብቻ መውሰድ

በቅስቀሳ ሰሞን የአባ ገዳ ልብስ ለብሶ መድረክ መውጣት ተለምዷል። የገዳ ዋናው ነገር ግን ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ማስረከብ ነው። ልብሱን የወደደው ፖለቲከኛ ይህቺን ሲያነሳ አልሰማሁም።

ማስገደድን እምነት ብሎ መጥራት

ኬንያ ውስጥ በ1969 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሚኒስትሩ ቶም ምቦያ ከተገደለ በኋላ፣ ብዙ የኪኩዩ ጎሣ ሰዎች በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ወደ ጋቱንዱ፣ ኪኩዩው ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ መኖሪያ ወዳለበት ስፍራ፣ ተወሰዱ። ሥልጣን ከኪኩዩ እጅ እንዳይወጣ አማሏቸው። «ጎሣው በመሐላ ስለሚያምን ነው» የሚል ማብራሪያ አለ። ታዲያ አንማልም ብለው የተደበደቡት እነማን ናቸው? እነሱም ኪኩዩዎች፣ እነሱም አማኞች ነበሩ። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንም ተቃውማዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም፣ ስለ መሐላው ምሥጢር ከመመራመር በፊት መኪናውን ማን እንዳቀረበ መጠየቅ ይቀድማል።