ፈረሱ እየበላ ከሳ? አፉን እዩለት

ገብሱን ትሰጡታላችሁ፣ ድርቆሹም አልጎደለበትም። የጎን አጥንቱ ግን በየቀኑ እየወጣ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መኖ ይጨምራል ወይም የትል መድኃኒት ይገዛል። ትልም ሊሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ፋንድያውን በእንጨት ከፈት አድርጋችሁ እዩት። ገብሱ ሳይሰበር እንዳለ ወጥቷል? ሳሩስ እንደገባ ረጅም ነው? እንግዲያው ፈረሱ ዋጠ እንጂ አላኘከም። ግርግሙ ሥር ደግሞ በምራቅ የራሰ የድርቆሽ ድቡልቡል ካገኛችሁ ጥርሱን ጠርጥሩ።

የፈረስ ጥርስ እንደኛ አንዴ በቅሎ አይቆምም። በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከድዱ ብቅ ይላል፤ ማኘኩ ያንኑ ያህል ይፈጨዋል። ችግሩ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ማለቱ ነው። ሁሉም ጠርዝ እኩል አይፈጭም። የላይኛው በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል እንደ ምላጭ ይሾላል። ቀኑን ሙሉ ሣር የሚግጥ ፈረስ መንጋጋውን ወደ ጎን በሰፊው ያንቀሳቅሳል። ገብስና ፉርሽካ የሚበዛበት የጋሪ ፈረስ ግን አኝኮ ቶሎ ይጨርሳል፤ ሹሉ ይብስበታል።

መፍትሄው መሞረድ ነው፤ ግን በቤት ሞረድ በፍጹም አትሞክሩት። የእንስሳት ሐኪም አፉን በመክፈቻ ከፍቶ፣ በባትሪ አይቶ፣ ካስፈለገም ማረጋጊያ ወግቶ ሹሉን ብቻ ያለሰልሳል። በዓመት አንዴ ይታይ። ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ያለው የወተት ጥርሱን እየቀየረ ስለሆነ በየ6 ወሩ ይታይ፤ ሽማግሌውም እንደዚያው።

ልጓም ሲገባለት ራሱን የሚወረውር ፈረስ «አመለኛ» ተብሎ ይገረፋል። እባካችሁ፣ ጅራፉን አስቀምጡና የከንፈሩን ጥግ እዩ። ልጓሙ ጉንጩን ከሹሉ ጥርስ ጋር ያጣብቀዋል፤ ይቆስላል። ከግንባታ ብረት የተጠመዘዘ ልጓም ከሆነ ምላሱንም ይልጠዋል። ቁስሉ እስኪድን ልጓም አታግቡበት። ጥርሱ ይሞረድ፤ ልጓሙም ለስላሳና የአፉ ልክ በሆነ ይለወጥ።

ከአንዱ አፍንጫ ብቻ የሚሸት መግል ከወረደ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥሩ አመርቅዞ ይሆናል። ይህ የሞረድ ሥራ አይደለም፤ ቶሎ ክሊኒክ ውሰዱት።

ያረጀና ጥርሱ ያለቀበትን ሞረድ አይመልሰውም። ፉርሽካውን በውሃ አርሳችሁ ስጡት። ደረቁን ሳያኝክ ሲውጥ ያንቀዋል፣ ሆዱንም ይቆርጠዋል።

ሐኪም እስኪመጣ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ያለውን ጉንጩን ከውጭ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት። ካመመው ራሱን ይነጥቃችኋል።