አሮጌው ላፕቶፕ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን፦ ጥገና ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት

አምፖሉ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። የእህቴ ላፕቶፕ እንዲህ ሲሆን አንድ ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብሎ መለሰላት። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ውስጥ ስለነበር ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ቤት አምጥተን ስንከፍተው ራሙ፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ትንሽ ካርድ፣ አቧራ ለብሶ ነበር። አውጥተን አጽድተን መለስነው፤ ተነሳ።

ጥቁር ስክሪን ብዙ ዓይነት ብልሽት ሊሆን ይችላል። ወይ ማሽኑ ጨርሶ አልተነሳም፣ ወይ ተነስቶ ምስሉ ስክሪኑ ላይ አልደረሰም፣ ወይ ደግሞ ዊንዶውሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ምንም ዕቃ አትግዙ።

መጀመሪያ ካፕስ ሎክን ንኩ። ላፕቶፑን አብርታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁና ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። የቁልፉ መብራት በነካችሁት ቁጥር የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ማሽኑ ሳይነሳ አልቀረም፤ ችግሩ ከስክሪኑ ወገን ነው። ሳትነኩት ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ማሽኑ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ካሰማ ስንት ጊዜ እንደሆነ ቆጥራችሁ ጻፉት። ትርጉሙ እንደየአምራቹ ይለያያል፤ ከሞዴሉ ስም ጋር ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉት ብዙውን ጊዜ ይገኛል።

ቀጥሎ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አልነሳ ላለ ላፕቶፕ መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ባትሪው ከታች በመቆለፊያ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ፓወር ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ ባትሪውን ሳትመልሱ በቻርጀር ብቻ አብሩት። ባትሪው አብጦ ካገኛችሁት ግን አትመልሱት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አሁንም ጨለማ ከሆነ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ስክሪኑ ላይ በአግድመት አብሩ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ የዊንዶውስ ምልክት ወይም የመግቢያ ገጹ ደብዘዝ ብሎ ይታያል? ከታየ ምስሉ አለ፤ የጠፋው ከስክሪኑ ኋላ የሚያበራው መብራት ነው። መጀመሪያ የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ ከኤፍኤን (Fn) ቁልፍ ጋር ሞክሩ፤ አንዳንዴ ልጅ ነክቶት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ክዳኑንም ቀስ እያላችሁ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። በሆነ ቦታ ላይ ብልጭ ብሎ ከመጣ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ኬብል ሳይጎዳ ወይም ሳይላላ አልቀረም። ኬብል ብዙውን ጊዜ ከስክሪን በጣም ይረክሳል፤ «ስክሪን ይቀየር» ከተባላችሁ ይህን አስታውሱ።

ቴሌቪዥን ካላችሁ በኤችዲኤምአይ (HDMI) ኬብል አገናኙት፤ በጣም አሮጌዎቹ ደግሞ ሰማያዊ የቪጂኤ ቀዳዳ አላቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከመጣ ማዘርቦርዱ በአብዛኛው ደህና ነው።

የትም ካልታየ ወደ ራሙ ሂዱ። ቻርጀሩንና ባትሪውን አውጡ፤ ባትሪው ውስጥ ከሆነ የኋላ ክዳኑን ፈትታችሁ ሶኬቱን ከማዘርቦርዱ ንቀሉ። ከሰውነታችሁ ላይ ስታቲክ (የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ) እንዲወጣ አስቀድማችሁ ብረት ንኩ። ራሙን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት መቆንጠጫዎች ወደ ውጭ ስትገፉ ራሱ ብድግ ይላል። ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ፈግፍጉ፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጥርሶቹን በጣት አትንኩ። ስትመልሱት ዘመም አድርጋችሁ አስገብታችሁ ቀጭ እስኪል ወደታች ተጫኑ። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ፣ ቦታውንም እየቀያየራችሁ ሞክሩ፤ አንዱ ብቻ ተበላሽቶ ሌላው ሊያስነሳው ይችላል። የመጀመሪያው አነሳስ ከወትሮው ሊዘገይ ስለሚችል ቶሎ አታጥፉት።

የዊንዶውስ ምልክት ታይቶ ከዚያ በኋላ ከጠቆረ ጉዳዩ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ የስክሪኑን ድራይቨር (ምስሉን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም) እንደገና ያስነሳል። ካልሆነ ምልክቱ ሲታይ ፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ አጥፉት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙ የጥገና ገጹ ይመጣል፣ ከዚያ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑ ፕሮግራሞች ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ) መግባት ትችላላችሁ። በሴፍ ሞድ በደንብ ከሠራ የስክሪኑን ድራይቨር አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑ።

ይህ ሁሉ አልሠራ ካለ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ግን «ፎርማት ይደረግ» ለሚል ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን አስወጡ። የሃርድ ዲስክ ኬዝ (በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ሣጥን) ውስጥ አስገብታችሁ በዩኤስቢ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፤ ፎቶውንም ጽሑፉንም ገልብጡ፣ ተገልብጦ መከፈቱንም አንድ በአንድ እዩ። ላፕቶፑን ከዚያ በኋላ ስጡ።