ሁሉም የዓይን መቅላት ብርድ አይደለም፦ ደጋ ላይ ሌንስ ለምታደርጉ

ደብረ ብርሃን ላይ ዓይኑ የቀላ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ብርድ መትቶህ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ግን ይህን መልስ ይዞ መቀመጥ የለበትም። እኔ ኮንታክት ሌንስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሚነግረኝ ሰው ያጣሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ከብሌን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ የደም ሥር የለውም። ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር ነው፤ በእንባ በኩል። ሌንሱ የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው እንባ ላይ ነው። እንባውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከላይ የቀረው ይሳሳና ቶሎ ይተናል። ከሥር ያለው እንደ ልብ አይታደስም። የሚበዛው ችግር መነሻው ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል

ይህ ድርቀት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ንፋስ እንባውን ይጠርገዋል። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ስናፈጥ ደግሞ መርገብገብ እንረሳለን። ሌንሱ ሲደርቅ የዓይን ቆብ በላዩ ይፈተጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የደረቀ ዓይን ያለቅሳል። እንባ ስለፈሰሰ ድርቀት የለም ማለት አይደለም።

መፍትሄው የላይና የታች ቆብ እስኪገጥም ድረስ መርገብገብ ነው። ባጃጅ ላይ ወይም በተከፈተ የአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ስትቀመጡ የፀሐይ መነጽር አድርጉ። ጠብታ ስትገዙ ከሌንስ ጋር እንደሚሄድ ጠይቁ፤ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር አንዳንድ ማቆያ ኬሚካል ለስላሳው ሌንስ ውስጥ ሰርጎ ኮርኒያውን ያስቆጣል። ሌንሱ ከተጣበቀ በጥፍር አትጎትቱ። ጠብታ አድርጉ፣ ተርገብገቡ፣ ጠብቁ።

ማታ እንደ ጉም ይደበዝዛል፣ የብሌኑ ዙሪያ ይቀላል

ኮርኒያው አየር አጥሮት አብጧል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። ሌንስ ሲጨመርበት፣ በዚያ ላይ ዓይን ተጨፍኖ ሲተኛ፣ ምን ያህል እንደሚታፈን አስቡት። ይህ ሲደጋገም ደም ሥሮች ወደ ግልጹ ክፍል ማደግ ይጀምራሉ።

እኔ አንድ ጊዜ መንዝ ለለቅሶ ሄጄ ማስቀመጫዬን ረስቼ ከነሌንሴ ተኛሁ። ጠዋት መብራት ማየት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ መነጽሬ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። እናንተም ቁጥሩ የተስተካከለ መነጽር ያዙ፤ መነጽር የሌለው ሰው ሌንሱን አያወልቅም። ከነሌንስ አትተኙ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። አየር በደንብ የሚያሳልፈውን ሲሊኮን ሃይድሮጅል የሚባለውን ዓይነት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቤት ስትገቡ በጊዜ አውልቁ።

ያሳክካል፣ ሌንሱ አልቀመጥ ይላል

ከእንባ የወጣ ፕሮቲን ሌንሱ ላይ ተጋግሮ የላይኛውን ቆብ ውስጡን አስቆጥቶታል። የወር ሌንስ ከወር አይለፍ። የሌንስ ማጽጃ ፈሳሹ ውስጥ መዘፍዘፍ ብቻ አይበቃም፤ በጣት አሹት።

እንዳደረጉት ያቃጥላል

ብዙ ጊዜ እጅ ነው። በርበሬና ቃሪያ የነካ እጅ ቢታጠብም ይዞ ይቆያል። ሌንሱን ወጥ ቤት ከመግባታችሁ በፊት አድርጉ። ኩልም ከሌንሱ በኋላ ይሁን።

አንዱ ዓይን ያማል፣ ብርሃን ይፈራል፣ ነጭ ነጥብ ታየበት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሌንሱን አውልቁ። ወጥቶም ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም ከባሰ፣ ኮርኒያው ላይ ቁስል ሊሆን ይችላል። እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ብርሃን ሊያሳጡ ይችላሉ። አካንታሚባ የሚባል ተሐዋሲ ደግሞ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ የቧንቧም፣ የወንዝም፣ የምንጭም። ስለዚህ ሌንስን ወይም ማስቀመጫውን በውኃ አትለቅልቁ፤ በምራቅማ በጭራሽ። ፊት ስትታጠቡ፣ ገላ ስትታጠቡ፣ ጸበል ስትጠመቁም አስቀድማችሁ አውልቁ። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። በጥምቀት ዕለት እኔ በመነጽር ነው የምወጣው። የትናንቱን ፈሳሽ ድፉት እንጂ አትሙሉበት። ማስቀመጫውን በየሦስት ወሩ ቀይሩ።

ዓይን ከታመመ ከፋርማሲ በግምት ጠብታ አትግዙ። በተለይ ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ጠብታ መቅላቱን አጥፍቶ ቁስሉን ሊያባብሰው ይችላል። ጤና አዳም አትጭመቁበት። በጨርቅም አትሸፍኑት። በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሌንሱንም ማስቀመጫውንም ሳታጥቡ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተሐዋሲው ከእነሱ ላይ ሊገኝ ይችላል።