የቆየ ክራር ስታገኙ መቃኛውን ከመንካታችሁ በፊት

አጎቴ ክራሩን ሲሰጠኝ ቃኝቶ ነው የሰጠኝ። እኔ ደግሞ በሳምንቱ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሰርግ ላይ ከኪቦርድ ጋር ልጫወት ብዬ ስድስቱንም ክር በስልክ መተግበሪያ አስተካከልኳቸው። የሱ የትዝታ ቅኝት በአምስት ደቂቃ ጠፋ። እሱም ብዙ ሳይቆይ አረፈ።

እናንተ መጀመሪያ ድምፁን ቅረጹ። ባለቤቱ በሕይወት ካለ በራሱ ጆሮ ይቃኘው፤ ግድግዳ ላይ የከረመ ክራር ይላላልና። ድሬ ላይ ማለዳ ይሻላል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ቆዳውም ክሩም ይለዋወጣል። ሌሎቹን ክሮች በመዳፋችሁ ያዙና አንዱን ብቻ ሦስት ጊዜ ምቱ። ሌላውንም እንዲሁ።

ቀጥሎ ልኬት ነው። መተግበሪያው የሚያሳየውን ሄርዝ፣ ማለትም ክሩ በሰከንድ ስንቴ እንደሚርገበገብ፣ ጻፉ፤ ግን በሱ ብቻ አትመኑ፤ የአንዱን ክር ቁጥር ለሌላው አካፍሉ። እኔ የተረፈኝ የአጎቴ አንድ ካሴት ነው። ቴፑ ፈጥኖ ይዙር ዘግይቶ አላውቅም። ዝቅተኛው ክር 200፣ ቀጣዩ 228 ሄርዝ ሰጠኝ። 228ን ለ200 ሳካፍል 1.14 መጣ። ቴፑ ቢፈጥንም ቢዘገይም ይህ ቁጥር አይነቃነቅም። ኪቦርድ ላይ ግን ያው እርምጃ 1.12 ነው። በወረቀት ሲታይ ኢምንት ነው፤ ጆሮ ግን ወዲያው ይለየዋል። የአጎቴ ትዝታ ያለው እዚያች ልዩነት ውስጥ ነው።

በስድስት ክር ክራር አንዱ ክር የሌላው እጥፍ ስለሆነ፣ ሁለቱን ስታካፍሉ ወደ 2 ካልተጠጋ ልኬቱን ድገሙ።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። የኢንዶኔዥያ ጋምላን፣ ያ የነሐስ መሣሪያዎች ስብስብ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቅኝት አለው። የአንዱን መሣሪያ ወስደው ከሌላው ስብስብ ጋር አያጫውቱትም። አዲስ የተቀጠቀጠ ነሐስ ደግሞ ለዓመታት ድምፁ ስለሚንሸራተት ቃኚው መልሶ ይሞርደዋል። ዝርግ ነሐሱን ከሥር መሃሉን ቢፍቀው ድምፁ ይወርዳል፣ ጫፉን ቢሞርደው ይወጣል። የተፋቀው አይመለስም። የኛ መቃኛ ግን ወደ ኋላም ይዞራል፤ የት እንደነበረ የጻፈ ሰው ካለ።

ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የቃኘውን ሰው፣ የቅኝቱን ስም፣ ክሩ ጅማት ይሁን ናይለን ወይስ ሽቦ ጻፉ። ክር በለወጣችሁ ቁጥር፣ ካልለወጣችሁም በዓመት አንዴ፣ እንደገና ለኩና ከሥሩ ጨምሩ። የኔን ከክራሩ ጀርባ ለጥፌዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር 1.14 ይላል።