የጓሮ ኩሬ ስንት በስንት ይሁን? ጥልቀቱስ?

ምንጃር ሸንኮራ ላይ የሽንኩርት ችግኝ ለማፍላት ኩሬ የሚያስቆፍር ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይጥለቅ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን ውሃው ለምን ሥራና በየትኛው ወር እንደሚፈለግ ነው።

100 ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ በካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ቢጠጣ፣ በ45 ቀን 22,500 ሊትር፣ ማለትም 22.5 ሜትር ኩብ ይፈጃል። ታዲያ 25 ሜትር ኩብ የሚይዝ ጉድጓድ ይበቃል ብሎ መቆፈር ትልቅ ስህተት ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሞቃት በሆነ አካባቢ ለስሌት በቀን 5 ሚሊሜትር ትነት ይያዙ። በአራት ወር 60 ሴንቲሜትር ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ግድግዳው ዘመም ያለ ኩሬ ሰፊው ከላይ ስለሆነ የሚተነው ብዙ ውሃ የያዘው ክፍል ነው።

በቁጥር እንየው። አፉ 8 በ8፣ ወለሉ 4 በ4፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ ወደ 75 ሜትር ኩብ ይይዛል። የላይኛው 60 ሴንቲሜትር ብቻውን ወደ 33 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ሞልቶ ጥር ላይ ሲደርሱ 42 ያህል ይቀራል፤ ለመደቡ ይበቃል። ችግኙ ሰኔ ላይ ለተከላ እንዲደርስ ውሃው እስከ ግንቦት ከቆየ ግን በስምንት ወር 1.2 ሜትር ይተናል፤ የሚቀረው 19 ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ የበልግ ዝናብ ካልደረሰለት መደቡ ይደርቃል።

«እንግዲያው ወደ 3 ሜትር ላጥልቀው» የሚል ብዙ ነው። አፉ 8 በ8 እንደሆነ፣ የግድግዳው ዘመምታም አንድ ሜትር ወደ ታች አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ከሆነ፣ 3 ሜትር ላይ ወለሉ 2 በ2 ይሆናል፤ ጠቅላላው 84 ሜትር ኩብ ነው። ሦስተኛው ሜትር የጨመረው 9 ብቻ! አፈሩንም ከዚያ ጥልቀት በአካፋ መወርወር ስለማይቻል በባልዲና በገመድ መጎተት ይመጣል። በዚያ ፈንታ አፉን 9 በ9፣ ወለሉን 5 በ5 አድርገው በ2 ሜትር ቢያቆሙት ወደ 101 ሜትር ኩብ ይይዛል። እስከ ጥር ለሚያልቅ ውሃ ማስፋት ይሻላል። እስከ ግንቦት ለሚቆይ ግን የሁለቱ ትርፍ ይቀራረባልና፣ ድካሙን በእንጨትና በሣር ዳስ ላይ ማዋል ይመረጣል። ጥላው ትነቱን ይቀንሳል።

ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ብዙ ውሃ ለማግኘት መሞከር አይገባም። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፤ ቀጥ ያለው ግድግዳ ይናዳል፣ ሲሚንቶም ይሰነጠቃል። ለዋልካ ጂኦሜምብሬን የሚባለው ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ የተሻለ ነው።

የሚገባውን ውሃም ይቁጠሩ። ክረምቱ 600 ሚሊሜትር ቢጥል፣ 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ከሚባክነው ተርፎ ወደ 29 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ቀሪውን ጎርፍ ከግቢው መጥለፍ ያስፈልጋል። ጎርፉ በቀጥታ እንዳይገባ 1 ሜትር በ1 ሜትር የደለል ማጥመጃ ጉድጓድ ከፊቱ ይቆፈር፤ ያለሱ ኩሬው በየዓመቱ በደለል ይጠብባል። ከአፉ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ የትርፍ ውሃ ማስወጫም ይተው፤ ከላይ ያሉት ስሌቶች እስከ አፉ ለሞላ ኩሬ ስለሆኑ፣ የ8 በ8ቱ ኩሬ ውሃ በዚህ የተነሣ ወደ 12 ሜትር ኩብ ያንሳል።

ቁፋሮው ከመኸር አጨዳ በኋላ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ይሁን። ቦታው ከመጸዳጃ ቤት በላይ፣ ከባሕር ዛፍ ሥርም የራቀ ይሁን። መጀመሪያ ጠባብ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ድንጋይ ካገኘ ጥልቀቱ እዚያው ይቆማል፤ ከሥር ውሃ ከመነጨ ደግሞ ባዶውን ፕላስቲክ ሽቅብ ያነሣዋልና ሌላ ቦታ ይፈለግ። ከዚያ 8 በ8ቱን በካስማና በሲባጎ ይወጥሩ፤ ሁለቱ የማዕዘን ለማዕዘን ልኮች እኩል 11.31 ሜትር ካልሆኑ ማዕዘኑ ተዛብቷል። መሐሉ ላይ 4 በ4ቱን ቀጥ አድርገው 2 ሜትር አውርደው ግድግዳውን ከላይ ጀምሮ ወደ ወለሉ ጠርዝ መክተፍ ይቀላል። አፈሩ ከአፉ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ፤ ቅርብ ከተከመረ ግድግዳውን ተጭኖ ይንደዋል።

ፕላስቲኩ 12 በ12 ይገዛ፦ ለወለሉ 4፣ ለሁለቱ ዘመም ግድግዳዎች 5.66፣ በየጎኑ ከአፉ ውጭ በቦይ ለሚቀበረው ደግሞ አንድ አንድ ሜትር። ከመዘርጋቱ በፊት ጠጠሩና የሥር ጫፉ በእጅ ተዳብሶ ይለቀም፣ ግድግዳውም በጭድ ጭቃ ይመረግ። ጫማ አውልቆ መዘርጋት፣ ሳይወጥሩ ላላ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የተወጠረ ፕላስቲክ ውሃው ሲከብደው ማዕዘኑ ላይ ይቀደዳል።

እርጥብ ፕላስቲክ ያንሸራትታል፤ የገባ ልጅ ብቻውን አይወጣም። ከመሙላቱ በፊት ዙሪያው ይታጠር፣ በሩ ይቆለፍ፤ በአራቱም ጎን በየክንዱ የተቋጠረ ወፍራም ገመድ ከጠንካራ ካስማ ታስሮ እስከ ወለሉ ይውረድ። አጥሩ ፍየልና ውሻንም ይከለክላል፤ ሰኮናና ጥፍር ፕላስቲኩን ይበሳዋል። እንደ ሸዋሮቢት ባለ ወባማ ቦታ ደግሞ የወባ ትንኝ እንዳይራባበት ኩሬው ጥቅጥቅ ባለ መረብ ይሸፈን።