ካውፔንስን በሰሌዳ ላይ፦ የአሜሪካ ሚሊሻ አዋጊነት እንዴት ይማራል?

የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት ስታስተምሩ “ገበሬው ጠመንጃውን አንስቶ እንግሊዝን አባረረ” ብላችሁ አትለፉት። ያው ሚሊሻ አንዱ ጦር ሜዳ ላይ ድል አስገኝቷል፤ ሌላው ላይ አብዛኛው ሳይተኩስ ፈርጥጧል። ልዩነቱ አዛዡ ከሚሊሻው የጠየቀው ነገር ነው። ይህን በሁለት ውጊያዎች፣ በካምደን ሽንፈትና በካውፔንስ ድል፣ ለማሳየት ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ ዱላ ይበቃል።

ዱላውን እንደ ጠመንጃ ቆጥራችሁ በእሱ ጀምሩ፣ ግቢ ወጥታችሁ። ተማሪው ባሩድና ጥይት የያዘውን የወረቀት ጥቅል በጥርሱ ይቅደድ፤ ጥቂት ባሩድ ከቃታው ድንጋይ ሥር፣ የቀረውን በአፈሙዙ ያፍስ፤ የእርሳስ ጥይቱን ከትቶ በዘንግ ይጠቅጥቅ፤ ዘንጉን መልሶ ያነጣጥር። የሠለጠነ ወታደር ይህን በ20 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ብዙው ሚሊሻ የያዘው የአደን ጠመንጃ ሩቅ ይመታል፤ ግን ለማጉረስ ይዘገያል፣ ሳንጃም አይሰካበትም። አሁን ሌላ ተማሪ ከ50 ሜትር ይሩጥ፤ አጉራሹ ሳይጨርስ ይደርስበታል። ሚሊሻ ለምን እንደሚሸሽ ክፍሉ የሚገባው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ተመልሳችሁ ካምደንን ሣሉ (ኦገስት 16 ቀን 1780)። የአሜሪካው ጄኔራል ጌትስ ሚሊሻውን በግራ ክንፍ፣ ከእንግሊዝ ምርጥ እግረኛ ፊት ለፊት አቆመው። ሳንጃው ሲመጣ ተበተነ፣ መደበኛው ጦር ብቻውን ቀረ።

አጠገቡ ካውፔንስን (ጃንዋሪ 17 ቀን 1781)። እንግሊዞች ከላይ ይሁኑ። ከታች ሦስት መስመር አስምሩ፣ በመካከላቸው አንድ አንድ ስንዝር፤ በሜዳው ወደ 140 ሜትር ነበር። ፊት አልሞ ተኳሾች፣ ቀጥሎ የፒክንስ ሚሊሻ፣ ኋላ የሃዋርድ መደበኛ ጦር ከልምደኛ ቨርጂኒያውያን ጋር። ፈረሰኛው ከጉብታው ጀርባ ይደበቅ። የአሜሪካኖቹ አዛዥ ዳንኤል ሞርጋን ሚሊሻውን የለመነው ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይ የእንግሊዝ መኮንኖችን አልሞ፣ ተኩሶ እንዲያፈገፍግ ብቻ ነው።

ስህተት የሚበዛው የማፈግፈጊያው ቀስት ላይ ነው። ተማሪዎች በቀጥታ ወደ ኋላ ይስቡታል፤ እንደዚያ ቢሆን የሃዋርድን ሰልፍ ባፈረሰው ነበር። ወደ ግራ ጫፍ አጥፉት፣ ከጉብታው ኋላ ይሰብሰብ። የእንግሊዞቹ አዛዥ ታርልተን ሽሽት መስሎት ሰልፉን ሳያስተካክል ገፋ፤ ወደ ኋላ መሄድ ጀምረው የነበሩት የሃዋርድ ሰዎች ዞረው በቅርብ ርቀት ተኮሱበት፣ በሳንጃም ገቡ። በዚህ መሐል የሚሊሻው ቀስት ዞሮ በሌላኛው ጎን ይውጣ። ወደ 1,100 ከሚጠጋው የታርልተን ጦር አብዛኛው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ።

የካምደኑን ሥዕል አታጥፉ፤ ተማሪዎቹ በተመሳሳይ ሰውና መሣሪያ አርመው ይሣሉት።