ዐረብ አገር ስትታመሙ ሕክምና እንዴት ይገኛል?

ይህ ጽሑፍ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌትና ጎረቤቶቻቸው ውስጥ በቤት ሠራተኝነት፣ በሹፌርነት ወይም በጥበቃ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ፓስፖርት አውጥተው ቪዛ ለሚጠብቁም፣ ከአገር ቤት ሆነው በኢሞ ለሚጨነቁ ቤተሰቦችም ይሆናል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በእነዚህ አገሮች ሐኪምም መሣሪያም አይጠፋም። ጉዳዩ የምትገቡበት በር ነው። ዜጋው በመንግሥት ሆስፒታል በነጻ ይታከማል። የውጭ አገር ሰው ሕክምና ግን በመኖሪያ ወረቀቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ወረቀቱን የሚያወጣውም የሚያድሰውም አሠሪው ነው። ሳዑዲ በ1999፣ አቡ ዳቢ በ2005፣ ዱባይ በ2013 የጤና መድን ሕግ አውጥተዋል። አሠሪ ለሠራተኛው መድን ይግዛ የሚለው ሐሳብ መልካም ነው። ነገር ግን ቁልፉን ከአሠሪው ኪስ አላወጣውም። ኩዌት ደግሞ ነገሩን በሰዓት እስከ መክፈል ደርሳ ነበር፦ በ2013 በጃህራ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ጠዋቱ ለኩዌታውያን፣ ከሰዓት በኋላው ለውጭ ዜጎች እንዲሆን ተሞክሯል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ወረቀታችሁ የትኛውን በር እንደሚከፍት ሳትታመሙ ማወቅ።

1ኛ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ለራሳችሁ ተመርመሩ

ድሮ ጋምካ፣ አሁን ዋፊድ የሚባለው ምርመራ ለእናንተ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና እርግዝናን እየፈተሸ ሰው የሚያጣራ ወንፊት ነው። እዚያ ስትደርሱ ይደገማል፤ ያላለፈ ይመለሳል። ዓላማው ስለ ስኳራችሁ፣ ስለ ደም ግፊታችሁ፣ ስለ ደም ማነሳችሁ ለእናንተ መንገር አይደለም። እነዚህን በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ አስመርምሩ። የታመመ ጥርስ ካለ አገር ቤት ይነቀል ወይም ይሞላ፤ ርካሽ መድን የጥርስን ነገር ብዙ ጊዜ አይነካም፣ በግል መታከም ደግሞ ወር ሙሉ የለፋችሁበትን ይበላል።

የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ማዘዣውን በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ከነማሸጊያው ያዙ። ትራማዶል ያለ ወረቀት ይዞ መግባት በሳዑዲም በኤምሬትስም እስር ያመጣል። ጎረቤት «ለራስ ምታት» ብሎ የሰጣችሁን ፍሬ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ወጪውን በተመለከተ፣ በእኛው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የጤና ምርመራውን ሠራተኛው ይከፍላል፤ ቪዛው፣ ትኬቱ፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱ፣ የመድኑ ሂሳብ ግን የአሠሪው ነው። ኤጀንሲው የመድን ብር ከእናንተ ከጠየቀ ይህን አንቀጽ አሳዩኝ በሉ። የውሉን እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ አንሡና ለቤተሰብ ላኩ።

2ኛ፦ በርዎን ይወቁ

ሳዑዲ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው አሠሪ መድን የመግዛት ግዴታ አለበት። «ከአራት በላይ» የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። አብዛኞቹ እህቶቻችን የሚሠሩት ለብቻቸው ወይም ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ነው፤ ስለዚህ ሕጉ በደጃፋቸው አልፎ ሄዷል። ግዴታው የታሰበው ሾፌርም አትክልተኛም ሞግዚትም ላለው ትልቅ ቤት ነው። በአንጻሩ በኩባንያ የተቀጠረ ሰው መድን ግዴታ ሲሆን የሽፋኑ ጣሪያ በዓመት 1 ሚሊዮን ሪያል ነው። ተእሚን (መድን) እንዳላችሁ ለማወቅ ማዳምን መለማመጥ አያስፈልግም፤ የሳዑዲ የጤና መድን ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥር ሲገባ መድን መኖር አለመኖሩ ይታያል። ከሌላችሁ በራችሁ አሠሪው የሚወስዳችሁ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም የሚከፍልበት የግል ሙስተውሰፍ (ክሊኒክ) ነው። 937 የጤና ሚኒስቴሩ ስልክ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ምክር ይሰጣል፣ አቤቱታም ይቀበላል።

ኤምሬትስ። እዚህ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዱባይ ውስጥ ለዝቅተኛ ተከፋይ የተዘጋጀው መሠረታዊ መድን የዓመት ጣሪያው 150,000 ድርሃም ነው። በአሠሪው መሸፈን አለበት፤ ከደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው። ሻርጃ፣ አጅማን፣ ራስ አልኻይማ፣ ፉጀይራና ኡም አልቁወይን ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ግዴታ ቆይተዋል። ከጥር 1 ቀን 2025 ወዲህ እነዚያም የቤት ሠራተኛውን ጨምሮ ኢቃማ ሲወጣና ሲታደስ መድን ይጠይቃሉ፤ ዋጋው በዓመት 320 ድርሃም ነው። በዚህ መድን ሐኪም ዘንድ በተመላላሽነት ስትታዩ ከሂሳቡ 25 በመቶ፣ አልጋ ይዛችሁ ስትታከሙ 20 በመቶ ከእናንተ ይጠየቃል። አልጋ ስትይዙ የምትከፍሉት በአንድ ጊዜ ከ500 ድርሃም አይበልጥም። ካርድ አልተሰጠኝም ብላችሁ አትቅሩ፦ ዱባይና አቡ ዳቢ ውስጥ የኤምሬትስ መታወቂያችሁ ራሱ የመድን ካርድ ሆኖ ያገለግላል። እንግዳ መቀበያው ላይ አስነብቡት።

ኩዌት። መድኑ ከኢቃማው ጋር አብሮ ይከፈላል፤ ያ ግን በነጻ መታከም አይደለም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የውጭ ዜጋ በመንግሥት ክሊኒክና ድንገተኛ ክፍል ለመድኃኒት 5 ዲናር፣ በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል 10 ዲናር እንዲከፍል ተወስኗል። የግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 የተወሰነው 75 ዲናር ነው። 10ሩ ዲናር ከወር ገቢ ከስምንት አንድ እጁ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ሰው ሕመሙን ተሸክሞ የሚከርመው ዝም ብሎ አይደለም።

ኳታር ውስጥ የሐማድ የጤና ካርድ መኖሩን ጠይቁ፤ የቀረው ተመሳሳይ ነው።

3ኛ፦ ወረቀታችሁን በስልክ ያዙ

ፓስፖርቱን ብዙ አሠሪ ይይዛል፤ መያዙ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም የምናውቀው ነው። የፓስፖርት፣ የኢቃማ ፊትና ጀርባ፣ የመድን ካርድና የውል ፎቶ ይኑራችሁ። ስልካችሁ ቢወሰድ እንዳይጠፋ ለምታምኑት ሰው ላኩት። የኢቃማው ማብቂያ ቀን ሲቀርብ አስታውሱ፤ ያልታደሰ ኢቃማ ያለ ሕክምና የሚያስቀር ዋነኛው ምክንያት ነው።

የሌላ ሰው ኢቃማ ተውሶ መታከም በኛ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። አታድርጉት። ወንጀል ከመሆኑ በላይ የእናንተ የደም ዓይነትና አለርጂ በኢቃማው ባለቤት ስም ይጻፋል። ኋላ ደም ሲያስፈልግ ምን እንደሚሆን አስቡት።

4ኛ፦ ስትታመሙ በቃል ብቻ አትናገሩ

«ትንሽ አሞኛል» ብሎ መሽኮርመም አገር ቤት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን ሰሚ አያገኝም። ለማዳሟ ወይም ለባባ በዋትሳፕ ጻፉ፣ ወይም በድምፅ ላኩ፦ ከመቼ ጀምሮ፣ የት እንደሚያማችሁ፣ ምን ያህል። አና ተዕባና (አሞኛል)፣ አብጋ ሙስተሽፋ (ሆስፒታል እፈልጋለሁ) በቂ ነው። መልእክቱ ቀንና ሰዓት ይዞ ይቀራል፤ ክርክር ከመጣ ምስክራችሁ እሱ ነው። ፓናዶል ሰጥተው «ነገ» ካሉ፣ በማግስቱ ድጋሚ ጻፉና ለኤጀንሲው ቅጂ አድርጉ።

በኤምሬትስ የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ 15ቱ ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ 15ቱ ያለ ደመወዝ። ለዚህ የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ጠይቁ።

5ኛ፦ ድንገተኛ ከሆነ ፈቃድ አትጠብቁ

የማይቆም ደም፣ የደረት ውጋት፣ ከፎቅ መውደቅ፣ ቃጠሎ፣ ራስን መሳት፣ በእርግዝና ላይ መድማት፤ እነዚህ አሠሪ ከሥራ እስኪመለስ አይቆዩም። አምቡላንስ (እነሱ ኢስዓፍ ይሉታል) በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በኳታርና በባሕሬን 999፣ በኦማን 9999 ነው። አድራሻውን መናገር ካቃታችሁ ያላችሁበትን ቦታ በዋትሳፕ ለጓደኛ ላኩና እሷ ትደውል።

በሳዑዲም በኤምሬትስም ሕግ ድንገተኛ ታካሚን ገንዘብ ወይም ወረቀት የለህም ብሎ መመለስ አይፈቀድም። ይህ ግን አደጋው እስኪያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አልጋ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ክትትል ወደ ሂሳብ ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚደናገጠውም እዚህ ላይ ነው። ያኔ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ጠይቁ። ኢቃማ ካላችሁ ሂሳቡን ከአሠሪው ጋር የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው።

6ኛ፦ ሐኪሙ ፊት

ከተቻለ ማዳም ውጪ ትጠብቅ በሉ። የምታስተረጉምላችሁ እሷ ከሆነች፣ በተለይ ጉዳቱ በቤቱ ውስጥ የደረሰ ከሆነ፣ የምትናገሩት ሳይደርስ ይቀራል። አማርኛ የሚችል ጽዳት ሠራተኛ ወይም ነርስ በብዙ ሆስፒታል አለ፤ ካልሆነ ጓደኛ በስልክ ታስተርጉም። ያልገባችሁን የዐረብኛ ወረቀት አትፈርሙ። «ተቅሪር ጢቢ» ብላችሁ የሕክምና ማስረጃ ለምኑ፤ በተመታችሁበት ወይም በወደቃችሁበት ጊዜ ደግሞ ሁሉም ቁስል እንዲጻፍ አድርጉ።

7ኛ፦ እርግዝና

እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ውስጥ ያለ ጋብቻ ማርገዝ ወደ ፖሊስ የሚያደርስ ጉዳይ ነው፤ ሆስፒታል የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃል። ኤምሬትስ በቅርብ ዓመታት ባወጣችው ሕግ አላልታዋለች፤ ክስ የሚነሣው የትዳር ጓደኛ ወይም አሳዳጊ ካመለከተ ነው፣ ሕፃኑን ማስመዝገብ ግን ግድ ነው። ምርጫ ካላችሁ ሆድ ሳይገፋ አገር ግቡ። የጀመረ ምጥ ወይም መድማት ካለ ግን ፖሊስ እየፈራችሁ ቤት ውስጥ አትቅሩ። ከእስር ይወጣል፤ ከሞት ግን አይመለስም።

8ኛ፦ ኢቃማ ከሌለ

ሁሩብ (ከአሠሪዋ ጠፋች የሚል ክስ) ለተመታባት፣ ከኮንትራት ቤት ለወጣች ወይም በየመን በኩል ለገባ ሰው ከሁሉም የሚከፋው ይህ ክፍል ነው። የመድን በር ዝግ ነው። የሚቀረው ድንገተኛ ክፍሉ፣ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ትንሽ ክሊኒክ፣ ቀለል ላለው ነገር ደግሞ ሳይደሊያ (መድኃኒት ቤት) ነው። በመጋቢት 2020 የሳዑዲው ንጉሥ ሰልማን የኮሮና ሕክምና ወረቀት ለሌለውም በነጻ እንዲሰጥ አዝዘው ነበር። ስለዚህ በሩ ሊከፈት እንደሚችል ታይቷል፤ ለሌላው በሽታ አልተከፈተም።

ሕመሙ ረጅም ከሆነ፣ ማለትም ኩላሊት፣ ካንሰር፣ ቲቢ ከሆነ፣ በዕቁብና በመዋጮ እየታከሙ መቆየት ገንዘቡንም ጊዜውንም ይጨርሳል። ሪያድ፣ ጅዳ፣ አቡ ዳቢ፣ ዱባይ፣ ኩዌትና ዶሃ ወዳሉት ኤምባሲዎቻችንና ቆንስላዎቻችን በጊዜ ሂዱና በሕመም ምክንያት ሊሴ ፓሴ (ወደ አገር መመለሻ የጉዞ ሰነድ) ጠይቁ። የሐኪም ወረቀት የያዘ ሰው ከሌላው ቀድሞ የሚታይበት ዕድል ይሰፋል። ወረፋ አለ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሰፈሩ ማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሽማግሌዎች አብረው ቢሄዱ ይረዳል።

9ኛ፦ አላሳክም ካለ

ሳዑዲ ውስጥ 19911፣ ኤምሬትስ ውስጥ 80084 የሠራተኛ ጉዳይ ስልኮች ናቸው። ስትደውሉ የኢቃማ ቁጥራችሁን፣ የአሠሪውን ስምና በ4ኛው ላይ የላካችሁትን መልእክት አዘጋጁ። ከቤቱ መውጣት ካለባችሁ በቀጥታ ወደ ቆንስላ ወይም ወደ ፖሊስ ሂዱ፤ ጓደኛ ቤት ቀድሞ መግባት ሁሩብ ለማስመታት በቂ ምክንያት ይሰጣል።

10ኛ፦ ስትመለሱ ፋይላችሁን አምጡ

እዚያ የተነሣችሁት ራጅ፣ ኤምአርአይ፣ የናሙና ውጤት አገር ቤት እንደገና ሲሠራ ውድ ነው፤ አንዳንዱ ለሳምንታት ወረፋ አለው። ከመውጣታችሁ በፊት ከሆስፒታሉ የመዝገብ ክፍል ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ፣ ምስሎቹን በሲዲ ጠይቁ። የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም አስጽፉ፤ የንግድ ስሙ እዚህ ላይገኝ ይችላል። ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ የሚጫነው ሻንጣ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።